በአማርኛ ይንገሯት

«የት ጋ እንደምፈርም ብቻ አሳዪኝ» አለች እናቷ። ድምፅዋ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል።

ልጅቷ ከእናቷ መሥሪያ ቤት የመጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንግሊዝኛውን ስለምታንበለብለው የክፍሏ ልጆች «ሬድዮ» ይሏታል። እናቷም አብረዋት ለሚያጸዱት ሴቶች ይህን ሳታወራ የዋለችበት ቀን የለም። አሁን ግን ልጅቷ ማንበብ መቻሏን ጠላችው።

«እማዬ፣ ወረቀቱ ‹የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቤ ገብቶኝ ነበር፤ ጥፋቱ የራሴ ነው› ይላል።»

እናቷ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «እኔ? ያን የጉንዳን ሰልፍ?»

የዛሬ ሳምንት እናቷ የምታጸዳው ሕንፃ አዲስ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ገዛ። የሎሚ ሥዕል ያለበት ሰማያዊ ጠርሙስ ነው፤ ዙሪያው እንግሊዝኛ ብቻ። እናቷም ለጠንካራ እድፍ ሁሌ እንደምታደርገው በረኪና ጨመረችበት። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ከድብልቁ የወጣው ጢስ አንቆ ጣላት።

«ካልፈረምኩ ያባርሩኛል። ጉሮሮ ይድናል፤ ሥራ ግን ከሄደ ሄደ ነው። ከዚያ ቤቱን እንለቃለን፣ ከዚያ አንቺ ትምህርትሽን...» እናቷ የሚመጣውን ክፉ ሁሉ አስቀድማ ደርድራ ነው የምትኖረው።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አፍሽን ትይዣለሽ?»

«እይዛለሁ» አለች። ዋሸች።

በማግስቱ ጠዋት ተቆጣጣሪው ምድር ቤት፣ የጽዳት ዕቃ ክፍል ውስጥ ጠበቃቸው። ሌሎቹ የጽዳት ሴቶችም መጥረጊያቸውን እያነሱ ነበር። ያደገው ከእነሱ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው። ሲሳደብ በአማርኛ ነው፤ ወረቀት ሲይዝ ግን ምላሱ ይለወጣል።

«ሳይን ሂር፣ ፕሊስ» አለና እስክሪብቶ ዘረጋ። ወደ ልጅቷም ዞረ። «ጎበዝ ነሽ አሉ። ተርጉሚላት እስቲ።»

ባለፈው ሳምንት ቢሆን በደስታ ትሰክር ነበር። አሁን ጆሮዋ ጋለ።

«አልተረጉምም። ወረቀቱ የእርስዎ ነው፤ በአማርኛ ይንገሯት።»

«ማነሽ አንቺ?»

«አንብቤ ገብቶኝ ነበር የሚለውን፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ ይንገሯት! ሲነግሯት ልስማ!»

ጩኸቷ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። መጥረጊያ የያዙት ሴቶች ቀጥ አሉ። ሰውዬው ወረቀቱን ወደ እናቷ አስጠጋ። «ያው... ፎርማሊቲ ነው።»

«እኛስ ስንቀጠር የፈረምነው ምን ነበር?» አሉ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጽዳት ሠራተኛ።

«ትፈርሚያለሽ ወይስ ነገ አትመጪም?» አለ ተቆጣጣሪው፣ እናቷን።

እናቷ እስክሪብቶውን ተቀበለች።

እናቷ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድማ አስቀመጠችው። «የማላውቀውን አውቄያለሁ ብዬ አልፈርምም» አለች፣ በዚያው በተሰነጠቀ ድምፅዋ።

ሰውዬው በሩን አላትሞት ወጣ። «ያባርረኛል፣ አየሽ» አለች እናቷ፣ ባልዲው ላይ ቁጭ ብላ።

የልጅቷ ንዴት አልበረደም። በትምህርት ቤቷ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተጀምሯል፤ ቦርሳዋን ግን ከትከሻዋ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከመደርደሪያው ሰማያዊውን ጠርሙስ አንስታ፣ በእንግሊዝኛ ‹ከበረኪና ጋር አትቀላቅሉ› የሚለውን ጎን ወደ መብራቱ አዞረችው።

«በአማርኛ የምጽፍበት ማርከር ያለው ሰው አለ?» ስትል ጠየቀች።