የማትበረው እንስት

ከድጓ ማስመስከሪያዋ ከቤተ ልሔም ማዶ ባለው ደብር አጸድ የቆሙት ዋንዛዎች በዚያ ዓመት ቅጠል አልነበራቸውም። አባ ጨጓሬ ሙልጭ አድርጎ በልቷቸው፣ ምእመናኑ ጥላ አጥተው ፀሐይ ላይ ያስቀድሱ ነበር። ከወረዳው ግብርና የተላከችው ባለሙያ እድላዊት ትባላለች። ደብሩም እንዲረዳት ዲያቆን መሐሪን ሰጣት።

መሐሪ ድጓ የዘለቀ፣ ድምፁ አንጀት የሚበላ፣ የኔታ ጥበቡ እንደ ልጃቸው ያሳደጉት ዲያቆን ነው። አግብቶ እስኪቀስስ ደብሩ ሁሉ በጉጉት ይጠብቀዋል። የሚያገባት ግን፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ባል የማታውቅ ልጃገረድ መሆን አለባት።

የአባ ጨጓሬው እናት የሆነችውን የእሳት ራት እንስት ገና ከሽፋኗ እንደወጣች በሻሽ ከረጢት አድርገው ግንድ ላይ ይሰቅሏታል፤ ዙሪያዋን ሙጫ ይቀባሉ።

«ለምን አትበርም?» አለ መሐሪ የመጀመሪያ ቀን።

«ሆዷ በእንቁላል ስለሚከብድ ክንፍ ቢኖራትም አትበርም። ካለችበት ሆና ጠረን ትለቃለች፤ ወንዶቹ ከሩቅ አሽትተው ሲመጡ ሙጫው ያስቀራቸዋል። ወንድ ያላገኘች እንቁላሏ አይፈለፈልም።»

«ሠርግ አፍራሽ ነሻ!»

እድላዊት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ወዲህ መሐሪ ከቅዳሴ መልስ ሳይመጣ የቀረበት ቀን የለም። ዓይናቸው ሲገጣጠም እሱ ወደ መሬት፣ እሷ ወደ ዛፉ ያያሉ። ነገሩ ለሁለቱም ገብቷቸዋል፤ ደፍሮ የተናገረ ግን አልነበረም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከከረጢቶቹ ወደ አንዱ ወንድ የተባለ ዝር ሳይል ቀረ።

«ይቺ ምን ሆና ነው?» አለ መሐሪ።

እድላዊት ከረጢቱን አገላብጣ አየች። ጥጉ ተቀዷል።

«አንዱ ገብቶ አግኝቷታል። አንዴ ከተገናኘች ጠረኗ ይቆማል፤ ሌላ አይመጣላትም። እንቁላሏን ትጥልና በገላዋ ጠጉር አልብሳ ትሞታለች።»

«እንደኛው የአንድ ለአንድ ሥርዓት አላታ!» አለ መሐሪ፣ ምንም ሳያስብ።

እድላዊት ከረጢቱን ለቀቀች። ከዚህ በላይ ዝም ማለት እሱን ማታለል መሰላት።

«መሐሪ፣ እኔ ፈት ነኝ» አለች። «ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ አጠገብ፣ ገና ልጅ ሳለሁ ዳሩኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት ከባሌ ቤት አምልጬ ነው። እኔን ብታገባ ድቁናህ ይፈርሳል። ከአሁኑ ተወኝ።»

መሐሪ የያዘውን ሻሽ አጥፎ እጇ ላይ አስቀመጠና ሄደ። በማግሥቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

አልፈረደችበትም፤ እንባዋ ግን አልታዘዝ አላት። የቀረውን እንቁላል ከግንዱ እየፋቀች ብቻዋን አቃጠለች። ሥራዋን ስትጨርስ አርብ ገበያ ከተማ ወደ ተከራየቻት ቤት ተመለሰች። ወድዳዋለች፤ ስለወደደችውም ከዓይኑ ለመራቅ ዝውውር ልትጠይቅ ቆረጠች።

ይህን እያሰበች ሳለ በሩ ተንኳኳ። የኔታ ጥበቡ ናቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ያን ሁሉ መንገድ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጥተዋል። ደንግጣ በርጩማ አቀረበችላቸው። አልተቀመጡም። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ታውቃለች።

«የኔታ፣ ድቁናው...»

«ትናንት መቅደሱን ተሳልሞ ወጣ» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ከእንግዲህ ማኅሌት ይቆማል እንጂ አይቀድስም። አልደብቅሽም ልጄ፣ እንዳያደርገው ለምኜዋለሁ፤ አልቅሻለሁም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«‹አባቷ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት እሷን ይጠይቁልኝ፤ ያኔ ሲድሯት የጠየቃት የለም› አለኝ። ይሄን ስሰማ ተነስቼ መጣሁ። እምቢ ብትዪ አይቀየምሽም፤ እኛም እንደመጣን እንመለሳለን።»

እድላዊትን እምቢ ማለት ትችያለሽ ያላት ሰው እስከዛሬ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ፤ ማንም አላጣደፋት። የኔታ መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ቆመዋል።

በርጩማውን አስጠጋችና ክንዳቸውን ያዘች።

«ይቀመጡ፣ የኔታ» አለች።