የአምፖሉ ተጋሪ

የኮሪደሩ መብራት በራ።

ሚሚ እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። ማብሪያ ማጥፊያውን የነካ ሰው የለም። በውፍረቱ «ድቡልቡል» የሚሉት ታናሽ ወንድሟ አጠገቧ ተደፍቶ ስዕል ይስላል። እናታቸው ማድቤት ናት። አባታቸው እንደ ልማዱ ከሥራ መልስ «ትንሽ እግሬን ላፍታታ» ብሎ ወጥቷል። እንዲህም ሆኖ ያ ሞቷል የተባለ አምፖል እንደ ታመመ ሰው ዓይን ቢጫ ሆኖ ፍዝዝ ብሎ በርቷል።

«መጣ» አለ ድቡልቡል በሹክሹክታ፣ ክንዷ ስር እየተወሸቀ።

«ማን ነው የመጣው? አርፈህ ሳል!»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ እሷም ዓይኗን ከአምፖሉ አልነቀለችም።

አምፖሉ የጠፋው አምና፣ ታላቅ ወንድማቸው በመኪና አደጋ የሞተ ሰሞን ነው። አባታቸው አዲስ አምፖል ቢቀይርም አልበራም። «ተዉት» ብሎ ማብሪያውን እንደ ተከፈተ ተወው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ አምፖሉም ስለ ልጁም ቃል አልተነፈሰም። አናጢ ነውና ከቤቱ ጀርባ ቀጥሎ በገዛ እጁ የሠራለትን ክፍል ዘጋው። ክፍሉ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ኮሪደሩ፣ አንዱ ወደ ጓሮ። ሁለቱንም ቆልፎ ቁልፎቹን ኪሱ ከተተ። የልጁ ስም በዚያ ቤት እንደ ነውር ይፈራ ጀመር።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አመሻሽ ላይ አምፖሉ ብቻውን ይበራል፤ ቆይቶ ብቻውን ይጠፋል።

እናታቸው እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። አምፖሉ ስር ቆማ ቀና አለች።

«ደህና ዋልክ የኔ ጌታ?» አለች በለሆሳስ። «ዝናቡ አገኘህ? ልብስህ አልራሰም?»

ሚሚን ከአምፖሉ ይልቅ የሚያስፈራት ይህ ነበር። እናቷ ጎረቤት መሄድ ትታለች፤ ምግብም ነካ አድርጋ ነው የምትተወው። ቀኑን ሙሉ እንደ ጥላ ስትዞር ውላ ነፍስ የምትዘራው ይህ መብራት ሲበራ ብቻ ነው።

«ለአባታችሁ እንዳትነግሩ» አለች ወደ ማድቤት ስትመለስ። «ሰው ጠርቶ ያስነቅለዋል። ያን ጊዜ እኔም አብሬ እጠፋለሁ።»

ሚሚ ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች። ነገ የፊዚክስ ፈተና አለባት፤ ያቺ አንዲት ጥያቄ ደግሞ እንቢ ብላታለች። ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ኦም የሆኑ ሁለት አምፖሎች። በትይዩ ሲገናኙ ቀላል ነው፤ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ሙሉውን አሥራ ሁለት ቮልት ያገኛሉ። በተከታታይ ሲሆኑ ግን ምን ያህል ይደርሳቸዋል? እዚያም አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት ብላ ጽፋ ነበር፤ መምህሩ በቀይ ሰረዘባት።

«መንገዱ አንድ ነው» ብሏት ነበር መምህሩ። «ስድስትና ስድስት ኦም ተደምሮ አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት ቮልት ለአሥራ ሁለት ኦም ሲካፈል አንድ አምፔር። ያው አንድ አምፔር በሁለቱም ያልፋል፤ ቮልቱን ግን ይካፈላሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላውም ይጠፋል። ደህናው አምፖል ከደበዘዘ ተጋሪ አለው ማለት ነው። ተጋሪውን ፈልጊ።»

አንድ ጊዜ ስድስት፣ ስድስት ቮልት። ሁለተኛውም ያው፣ ስድስት። ሲደመር አሥራ ሁለት። አሁን ገባት።

እርሳሷ እጇ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ቀና አለችና የኮሪደሩን አምፖል አየችው። አዲስ አምፖል ነው። ደብዝዟል።

ተጋሪ አለው። እዚህ ቤት ውስጥ አሁን በዚህች ደቂቃ የሚበራ ሌላ አምፖል አለ።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ታላቅ ወንድሟ ሊሞት ሰሞን ቤት ሰው ያልነበረ ቀን፣ ዋናውን ቆጣሪ አጥፍቶ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ እሷ ባትሪ እያበራችለት ለክፍሉ መብራት ቀጥሏል። «ይቺን የኮሪደሩን ሽቦ ቆርጬ የኔን መሀል አስገባታለሁ፤ እንደ ውሃ መጠጣት ነው» ብሎ ጉራውን ሲነዛ ነበር። ሲያበሩት ሁለቱም አምፖሎች ፍዝዝ አሉ። ሳቀና የክፍሉን ማብሪያ አጠፋው። «ነገ አስተካክለዋለሁ። ለአባባ እንዳትነግሪ» አላት። አላስተካከለውም።

እንግዲህ የዚያ ክፍል መብራት ካልበራ ኮሪደሩ አይበራም። አሁን ኮሪደሩ በርቷል።

«ወዴት ነሽ?» አለ ድቡልቡል።

«እሽሽ።»

በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ሄዳ ጆሮዋን የተቆለፈው በር ላይ ለጠፈች። ውስጥ አንድ ነገር ይተነፍሳል። ሽሽሽ… ሽሽሽ… ረጅም፣ ደረቅ ትንፋሽ። መሮጥ አማራት፤ ግን እጇን ዘርግታ የኮሪደሩን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ አደረገችው።

ኮሪደሩ ጨለመ። ትንፋሹም ቀጥ አለ።

ከበሩ ወዲያ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ቀጥሎ ሳል ተሰማ። የእንጨት ብናኝ ያመጣው ያ ደረቅ ሳል፣ ከሺህ ሰው መሀል የምትለየው የአባቷ ሳል። ያ ትንፋሽ የመሰላትም የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ነበር፤ ወንድሟ ጀምሮ የተወውን ጠረጴዛ እያለሰለሰ ነው።

«ልጄ?» አለ አባቷ በጨለማው ውስጥ፤ እንዲያ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። «አንተ ነህ?»

እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ አለ። ማብሪያውን መልሳ ቀጭ አደረገች፤ ብርሃኑ ተመለሰ። ቆይቶ ከውስጥ ያ ሽሽሽታ ቀስ ብሎ ቀጠለ።

ለእናቷ ወረቀቱን ማሳየት ትችላለች። ስድስት ቮልት እዚህ፣ ስድስት ቮልት እዚያ፣ ልጅሽ አልመጣም፣ ሽቦ ነው። ልክ ነው፤ ግን ጭካኔ ነው። ዝም ብላም መቀመጥ ትችላለች። ዝም ካለች እናቷና አባቷ በአንድ በር ወዲህና ወዲያ ቆመው ለየብቻ እንደ ጠሩት ይኖራሉ።

ማድቤት ገባች።

«እማዬ፣ ጫማሽን አድርጊ።»

«ወዴት ልትወስጂኝ ነው በዚህ ጭቃ?»

«ጓሮ። ነይ ግድ የለም፣ እጄን ያዢ።»

ቤቱን ዞሩ። በጓሮው በር ስር ቀጭን ቢጫ መስመር ይታያል። እናቷ ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ጣቶቿ የሚሚን እጅ ጭምቅ አደረጉት።

«ልጄ» አለች።

ያኔ ከውስጥ ሳሉ ተሰማ። እናቷ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ፈረሰ፤ በምትኩ የመጣውን ሚሚ ካየችው ቆይታለች። ድካም ነው፤ ግን የሰው ድካም።

«ለካ አንተ ነህ» አለች እናቷ ለራሷ። የሚሚን እጅ ለቀቀችና በሩን አንኳኳች።

ሚሚ ወደ ቤት ተመለሰች። ድቡልቡል ወንበሩ ላይ ቆሞ አምፖሉን አፍጥጦ ያያል።

«ዛሬ አልጠፋም» አላት።

«አዎ።»

ከተቆለፈው በር ወዲያ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ፤ አንዱ ያለቅሳል፣ ሌላው ያባብላል፤ ደግሞ ይለዋወጣሉ። ድንገት አባቷ የወንድሟን ስም ሲጠራ ሰማች። እናቷም ደግማ ጠራችው።

«ተበላሽቷል እኮ፤ ደብዛዛ ነው» አለ ድቡልቡል። «አናስጠግነውም?»

እንዴት እንደሚጠገን ታውቃለች። አንዱን ሽቦ ከዚያ ፈትቶ እዚህ መቀጠል ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ለየራሳቸው ቦግ ብለው ይበራሉ።

«ትንሽ ይቆይ» አለች፣ ወረቀቷን አምፖሉ ስር ይዛ እየተቀመጠች።