ከስድስተኛው ሬዲዮ የመጣው ድምፅ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ከፈለጋችሁ እመኑ፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት።

"ማስረጃህ የታለ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማስረጃ የለኝም።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ዝናብ የለም፣ መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። እንደዚያ ዓይነት ታሪክ የለመዳችሁ ሌላ ቻናል ሂዱ። ማክሰኞ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይዋ የሱቄን ቆርቆሮ አግላው ላቤ ላፕቶፑ ላይ ይንጠባጠባል።

ሱቄ ሲታኩንዳ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው፣ ከቺታጎንግ በሚመጣው ትልቁ መንገድ ዳር። ያረጁ መርከቦች ጭቃው ላይ ወጥተው የሚቆራረጡበት ሰፈር። ከመርከብ የወጣ ነገር ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ ይሸጣል፤ አልጋው፣ ሳህኑ፣ የሽንት ቤት መቀመጫው ሳይቀር። እኔ ጋ የሚመጣው የእጅ ሬዲዮ መገናኛ ነው፣ ዘበኞች ወገባቸው ላይ የሚሰኩት ዓይነት። የመርከበኞቹን ቻናል አጠፋለሁ፣ የቆራጮቹን ቻናል እጽፍበታለሁ።

ኢድሪስ እባላለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ጉራ አይደለም... ሌሎቹን ብታዩዋቸው ይገባችሁ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ ሬዲዮ እምቢ ሲለው በመዶሻ እጀታ ነው የሚመታው። ደንበኛውም ቆሞ እያየ አመስግኖ ይሄዳል።

ያን ቀን ቶፋኤል አጠገቤ ነበር። የሚስቴ የጆስና ወንድም ነው። ወላጆቻቸውን አውሎ ነፋስ ሲወስዳቸው እሷ ናት ያሳደገችው፤ ከእሱ ሌላ ወንድም የላትም፣ እህትም የላትም። እኔን "ዱላባይ" ይለኛል፣ የእህቴ ባል ማለቱ ነው። በዚህ ዓለም ላይ በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቶፋኤልን እንቀው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጠጉሩን የሰናፍጭ ዘይት ቀብቶ ሲስቅ ነው የሚውለው። ሥራ ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የመርከቡ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ የብረት ገመዱ በደንብ መታሰሩን ያያል፣ ይወጣል። ከዚያ ዊንቹ፣ ገመድ የሚጠቀልለው ማሽን፣ የተቆረጠውን ብረት ወደ ዳር ይጎትተዋል። ውስጥ ችግር ከገጠመው በሬዲዮ "አቁም" ይላል።

ዝም ካለ ወጥቷል ማለት ነው።

የመርከብ መቁረጫው ግቢ ሕግ ይሄ ነው። ዝምታ ማለት ደህና ነው ማለት ነው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ጭንቅላት ያለው ሰው እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

የግቢው ፎርማን ሎክማን በዚያ ሳምንት ከመጣው መርከብ የወጡ ስድስት ሬዲዮዎች ሰጥቶኝ ነበር። ሳይመሽ እንዲደርሱለት ነው የፈለገው። ሎክማን ሬዲዮ ፕሮግራም ማድረግ ማለት ባትሪ መክተት ይመስለዋል።

አምስቱ ያለ ችግር ተጻፉ።

ስድስተኛው እምቢ አለ...

ላፕቶፑ "ሬዲዮው አልተገኘም" ይለኛል። የዚህ ምክንያት አራት ነው፣ አምስተኛ የለውም። ወይ ኬብሉ ጠልቆ አልገባም፣ ወይ ድራይቨሩ አልተስማማውም፣ ወይ የፖርቱ ቁጥር ተሳስቷል፣ ወይ ባትሪው ደክሟል።

ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት። የለም።

የድሮውን ድራይቨር ጫንኩ። የለም።

ፖርቱን ቀየርኩ። የለም።

ባትሪውን ልቀይር ስነቅለው ከሥሩ ውሃ ጠብ አለ። ሌሎቹ አምስቱ አጥንት ሆነው ደርቀዋል፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው የመጡት። ባትሪው ደግሞ በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ነበር።

አበስኩት፣ ሌላ ባትሪ አደረግኩለት። ተነበበ።

አሥራ አምስቱ ቻናል የመርከበኞቹ ነው። አሥራ ስድስተኛው ላይ ግን በመርከብም በግቢም የማላውቀው ፍሪኩዌንሲ አለ። ሁሉንም አጠፋሁና የግቢውን ጻፍኩ። ከጻፍኩ በኋላ መልሼ አነበብኩት... እኔ ሁሌም መልሼ ነው የማነበው፣ እንደዚያ ሰውዬ በመዶሻ አልሠራም።

አሥራ ስድስተኛው ተመልሶ መጥቷል።

አጠፋሁት። ጻፍኩ። አነበብኩ።

አለ።

"ምን ሆነ?" አለኝ ቶፋኤል። ሲንጋራ የሚሉትን ድንች የተሞላ ሳምቡሳ እያላመጠ ነው።

"ምንም። ሜሞሪው ተበላሽቷል።"

"አንተም የማትችለው አለ እንዴ?"

"አንተ ብላ።"

ቻናሉን ወደ አሥራ ስድስት አዞርኩት።

መጀመሪያ ትንፋሽ ነው የተሰማው። ከዚያ ብረት የሚመታ ድምፅ... አንዴ... ሁለቴ... ከኋላ ብዙ ሰው አንድ ላይ "ሳብ! ሳብ!" ይላል።

ከዚያ የሚተነፍሰው ሰው ተናገረ።

"ዱላባይ... ገመዱን አቁሙልኝ... እግሬን ይዞኛል..."

ቶፋኤል ማላመጡን አቆመ።

አጠገቤ ነው ያለው፣ ጉልበቱ ጉልበቴን እየነካኝ። አፉ ውስጥ ምግብ አለ። ከሬዲዮው የወጣው ድምፅ ደግሞ የእሱ ነው።

"የኔ ድምፅ ነው" አለ በሹክሹክታ።

"የማንም ነው።"

"ዱላባይ አለ እኮ።"

"ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም።"

ሥራ ፈት የሆኑት የዊንቹ ሰዎች ናቸው አልኩ። ባለፈው ሳምንት ጫማው ውስጥ የሞተ ሸርጣን ከተውበታል፤ አሁን ደግሞ ድምፁን እያስመሰሉ ነው። ቶፋኤል ወጥቶ ወደ ግቢው አየ። ሲመለስ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"ባሕሩ ሸሽቷል" አለኝ። "ዊንቹ በሸራ ተሸፍኗል። ሰዉ ሁሉ ጥላ ሥር ተኝቷል።"

"እና?"

"ማነው ታዲያ 'ሳብ' የሚለው?"

መልስ ሳጣ እሳደባለሁ፣ ጠባዬ ነው። "ዕድሜህን ሙሉ እህትህ ቀሚስ ሥር ኖረህ ነው እንዲህ ፈሪ የሆንከው" አልኩት።

ሬዲዮውን በጣቱ ገፋ አድርጎ "ይሄኛውን እኔ አልይዝም፣ ሌላ ሰው ይያዘው" አለ።

"ዝም አሰኘዋለሁ" አልኩት።

ዝም ማሰኘት ደግሞ ቀላል ነው። ሬዲዮ ላይ የድምፅ ኮድ የሚባል ነገር አለ። ተናጋሪው ሲናገር ጆሮ የማይሰማው ኮድ አብሮ ይሄዳል። የሚሰማው ሬዲዮ ያን ኮድ ካላገኘ አፉን አይከፍትም። ሰውየው ሳንባው እስኪፈነዳ ቢጮህ እንኳን ሬዲዮው ጭጭ ይላል። ስድስቱም ላይ አንድ ዓይነት ኮድ ብጽፍ ከውጭ የሚገባ ቀልደኛም ሆነ ሰይጣን አይሰማም።

"ጂን ኮድ የለውም" አልኩት ቶፋኤልን። አልሳቀም።

አምስቱን እንደገና ጻፍኩ፣ መልሼ አነበብኩ፣ ኮዱ ገብቷል። ስድስተኛውን እየጻፍኩ ሳለ ሎክማን ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ምን፣ ታቅፈህ ልትፈለፍላቸው ነው?"

"አንድ ደቂቃ።"

"አንድ ደቂቃ አንድ ደቂቃ ስትል መሸ። ምንድነው እሱ፣ ሬዲዮ አይደል? ይናገራል፣ ይሰማል። በቃ።"

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መከራከር ራሴን ማዋረድ መሰለኝ። ላፕቶፑ "ተጽፏል" ሲለኝ ኬብሉን ነቅዬ ወረወርኩለት።

መልሼ አላነበብኩትም።

አሥራ አንድ ዓመት "ከጻፍክ በኋላ አንብብ" እያልኩ ሰው ሳንቋሽሽ ኖሬ፣ ያንን አንዱን አላነበብኩትም።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቶፋኤል ወደ ሥራ ሲሄድ ሱቄ ጋ ቆመ። ያ ሬዲዮ ወገቡ ላይ ነው። ሎክማን ለእሱ ነው የሰጠው።

"ዱላባይ፣ አንተን ይሰማሃል። እንዲቀይርልኝ ንገርልኝ።"

"ምን ብዬ? አማቼ ሬዲዮ ፈራ ልበለው?"

"እንደፈለግክ በለው። ብቻ ይቀይርልኝ።"

"ሂድ ባክህ። አታሳፍረኝ።"

ሬዲዮውን ወገቡ ላይ አስተካክሎ ሄደ። ለእሱ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ የራሴ መሞከሪያ ሬዲዮ አለ። ኮድ የለውም፣ የመጣውን ሁሉ ይሰማል። በግቢው ቻናል ከፍቼው ሎክማን ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲሳደብ እሰማለሁ። ባሕሩ ሞልቷል፣ ብረቱ የሚጎተትበት ሰዓት ደርሷል።

ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው... ትንፋሽ መጣ።

ከዚያ ብረት... አንዴ... ሁለቴ...

"ዱላባይ... ገመዱን አቁሙልኝ... እግሬን ይዞኛል..."

ቃል በቃል የትናንቱ ነው። አንድም ያልጨመረ፣ አንድም ያልቀነሰ።

ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? "እነዚህ ደደቦች አሁን ደግሞ ወደ ግቢው ቻናል መጡ" ብዬ ነው ያሰብኩት። አዲስ ነገር እንኳን መፍጠር አይችሉም አልኩ።

እጄን ዘርግቼ ዘጋሁት።

ሻዬን ጠጣሁ። የአንድ ሰው ማይክ ፈትቼ ሽቦውን በየድኩ። ሥራዬን ሠራሁ።

ሲጋራ አጭሼ እንኳን ሳልጨርስ ሰዎች በመንገዱ ላይ ወደ ባሕሩ ሲሮጡ አየሁ። አንዱን "ምንድነው?" አልኩት። ፊቴን አይቶ ሩጫውን ቀጠለ፤ የማን ዘመድ እንደሆንኩ ያውቃል።

ቶፋኤልን ያወጡት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ባሕሩ ሲሸሽ። እንዴት እንደነበረ አልጽፍም።

ሎክማን ጭቃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "ሦስት ጊዜ ጠራሁት" አለኝ። "ቶፋኤል፣ ወጣህ? አልኩት። ዝም አለ። ዝም ካለ ወጥቷል ብዬ አስጎተትኩ።" እንደ ልጅ ነው የሚያለቅሰው። ያን ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መናቅ አቃተኝ።

የቶፋኤልን ሬዲዮ ወስጄ ሱቄን ዘግቼ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሙከራ ተነበበ። ቻናሎቹ ትክክል ናቸው። አሥራ ስድስተኛው ባዶ ነው፣ ያ ፍሪኩዌንሲ ጠፍቷል። ኮዱ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ግን ምንም የለም። ኮዴ አልገባም ነበር።

ስለዚህ ጮኋል። ከስድስት ሰው መካከል የእሱ ድምፅ ብቻ ያለ ኮድ ሲወጣ፣ የአምስቱ ሬዲዮ እኔ እንዳስተማርኩት አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። በዚያ ግቢ ዙሪያ ቶፋኤልን የሰማው አንድ ሬዲዮ የእኔ ነበር።

ይሄን ለሎክማን አልነገርኩም። ለኢማሙ አልነገርኩም። ለጆስና... ለጆስና ምን ብዬ? እሷ ወንድሟ ሳይሰማው፣ ሳይጮህ፣ በአንዴ ያለፈ ነበር የመሰላት። እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኳት።

ባትሪውን ባሕር ውስጥ ወረወርኩት። ሬዲዮውን አልጋ ሥር ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ለምን እንዳልጣልኩት አትጠይቁኝ።

አርባው ወጣ። ሩዝ ተቀቀለ፣ ጎረቤት በላ፣ ሰው ተበተነ። የአሥር ሰዓቱን ስግደት መስጊድ ሰግጄ ወደ ቤት ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ፀሐይ እስከ አልጋው ድረስ ገብታለች።

ጆስና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው።

ሬዲዮው ጆሮዋ ላይ ነው።

የባትሪው ቦታ ባዶ መሆኑን ከበሩ ሆኜ አየሁት። በቀዳዳው ውስጥ ጣቶቿ ይታያሉ።

"እሺ" ትላለች በቀስታ። ራሷን ትነቀንቃለች። "እሺ የኔ ጌታ... እሺ..."

"ጆስና" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም።

"ለምን ዘጋህበት?" አለችኝ።

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄድኩ፣ የሆነ ነገር ለማለት አፌን ከፈትኩ...

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችኝ።

ወንድሟ ገና አልጨረሰም ነበር።