ሲቀዘቅዝ የያዘው አቅጣጫ

ወንድሜ ኪራን ቤተ ሙከራው ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ፤ ቀኝ እጁ ጠቁሯል። ኃላፊው ጋሪክ «ጥንቃቄ ጎድሎት ነው» አለ። ቃሉ በሞቱ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ሲል ኢንስፔክተር ብሮንዊን ወሎንጎንግ ከተማችን ደረሰች።

ኪራን የሚመራመርበት ክሪስታል የሚሞቅበት ማሽን በር ላይ የጋሪክ ካርድ ተሰቅሏል፦ «ጠፍቷል»። በዚያ ቤተ ሙከራ ማሽን ያጠፋ ሰው ካርዱን ይሰቅላል፤ ካርዱን ያየ ዳግመኛ አይፈትሽም። መፈተሽ ባልደረባን ውሸታም እንደማለት ነው። በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ቁልፍ ግን እንዳይሠራ በማጣበቂያ ታሽጓል። ብሮንዊን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ማን አጠፋው?»

«እኔ። ለምሳ ስወጣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን፣ ከዚያ ማሞቂያውን» አለ ጋሪክ። «መልሶ ያበራው ኪራን ራሱ ይሆናል። ወይ ኖኤል።»

የኪራን የሥራ ጓደኛ ኖኤል ቱግ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ እንኳ አታፍርም? እኔና ኪራን ምሳ አብረን ነበርን። ስንመለስ እሱ ቀድሞኝ ገባ።»

«ኪራን ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?» አለች ብሮንዊን።

«ከእሱ ጋር ነዋ! ‹የጋሪክ ግኝት ስህተት ነው፤ ክሪስታሉ ውስጥ ያለውን ማግኔት የሚያዞረው ሙቀት እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም› ብሎ በጉባኤ ሊናገር ነበር።»

ክሪስታሉ ማሽኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር። ብሮንዊን ከሌላ ከተማ ባለሙያ አስመጥታ አስለካችው፤ ከዚያ ሁላችንንም ሰበሰበች።

«ይህ ክሪስታል በማግኔት መካከል ሞቆ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ካለ፣ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች በአንድ አሰላለፍ ይረጋሉ። ከሌለ ገሚሱ ወዲህ፣ ገሚሱ ወዲያ ይሆናል። አንዴ ከቀዘቀዘ ደግሞ በዚህ መጠን ያለ ኤሌክትሪክ ንቅንቅ አያደርገውም። የቀዘቀዘው ኪራንና ኖኤል ምሳ ላይ ሳሉ ነው። የተገኘው አንድ አሰላለፍ ብቻ። ስለዚህ ጋሪክ፣ ማሞቂያውን አጠፋህ፤ ኤሌክትሪኩን ግን ተውከው፤ ካርድህንም ሰቀልክ፤ ኪራንም ካርዱን አምኖ እጁን አስገባ። ‹ረሳሁ› እንዳትል፣ ቁልፉ ታሽጓል። ‹መጀመሪያ ያጠፋሁት እሱን ነው› ያልከውም አንተ ነህ።»

ጋሪክ የልኬቱ ውጤት የሚታይበትን ስክሪን ትኩር ብሎ አየ።

«ሙሉ በሙሉ አንድ አሰላለፍ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«ሙቀቱ ከጠፋ በኋላም? እንግዲያውስ ኤሌክትሪኩ ነው! ልክ ነበርኩ!» በፊቱ ላይ ደስታ አየሁ።

«ልክ ነበርክ» አለች ብሮንዊን፣ ካቴናውን እያወጣች። «አንድ ከሰዓት አብራችሁ ብትለኩት ኪራንም ይህንኑ ይነግርህ ነበር።»

«ጥንቃቄ ጎድሎት» የሚለው ተሰርዞ «ተገደለ» ተባለ። እናቴ ወረቀቱን አነበበችና በፊቱ ደፋችው። የቱም ቃል ልጅ አልሆናትም።