ሰባተኛው ፎቶ

ሰፈሩ ‹ኡስታ›፣ ማለትም ‹ባለሙያ›፣ የሚለውን ካሜራ ጠጋኝ ሉጥፊን የገደለው፣ ሊመረምረው የተቀበለው አሮጌ ካሜራ ነው። ዱሮ የተሠራ፣ ብረቱ እንደ ዘነዘና የከበደ። ሦስት ጊዜ አናቱ ላይ አርፎ አጥንቱን አድቅቆታል፤ ደሙ የሱቁን ወለል አልፎ እስከ ደጁ ወርዷል። ገዳዩ ግን ካሜራውን ጠራርጎ መደርደሪያው ላይ መልሶታል። ጉድ እኮ ነው!

ሻለቃ ፈትሂ ሲደርስ የካይሮ ፀሐይ አናት ትበሳለች። የሟቹ ልጅ ሃኒ በአባቱ ደም እንደተነከረ በካቴና ታስሯል። ጠዋት ሁለቱ ሲጯጯሁ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

«ይሄማ ይሰቀላል» አሉ ፖሊሶቹ፣ ነገሩን ጨርሰው።

ሻለቃው ችኩል ሰው አይወድም። «ከአባትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?» አለው ሃኒን።

«ሱቁን ተረከበኝ አለኝ። ካሜራ አልወድም አልኩትና ወጣሁ። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። አቀፍኩት፣ ጌታዬ። ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

ሻለቃው የሟቹን ደብተር ገለጠ። ኡስታ ሉጥፊ አሮጌ ካሜራ የሚፈትነው ፊልም አጉርሶ ነው፤ ያነሳትን እያንዳንዷን ፎቶ ይመዘግባል። የዚያን ቀን ስድስት ጽፏል። ከካሜራው የወጣው ፊልም ሲታጠብ ግን ሰባት ፎቶ ወጣ። ሰባተኛው ተንጋዶ ከወገብ በታች የተነሳ ነው፤ የተገለበጠ በርጩማ፣ ከጎኑ የሉጥፊ የተፈረከሰ ራስ።

በማግሥቱ ያን ቀን ሱቁ የገቡትን ሦስቱን እዚያው ሰበሰባቸው፤ ሃኒን፣ አሮጌ ካሜራ ሰብሳቢውን ዶክተር ሸውቂንና ሉጥፊ ከልጅነቱ ሙያ ያስተማረውን ሰብሪን።

«እርስዎ ለምን መጡ፣ ዶክተር?»

«ከሰብሪ የገዛሁትን ካሜራ ኡስታው እንዲያይልኝ ሰጥቼው ሄድኩ። ምነው፣ እኔንም ጠረጠሩ እንዴ?»

«እኔ የማልጠረጥረው የለም። አንተስ ሰብሪ?»

«ሰላም ልለው ነዋ! አባቴ እኮ ነበር። ገዳዩ ይኸው ቆሟል፤ ምን ያደክምዎታል?» አለ፣ ሃኒን በአገጩ እያሳየ።

ሻለቃው ቀደም ብሎ ሞላቸውን የወጠራቸውን ሦስት ካሜራዎች አደላቸው። «መደርደሪያው ላይ መልሱልኝ።»

ሃኒ እንደ ጡብ ጣለው። ዶክተሩ መስታወቱን በመሐረብ ወልውሎ አኖረው። ሰብሪም አስቀመጠ፤ ከማስቀመጡ በፊት ግን አውራ ጣቱ የፎቶ ማንሻ መጫኛውን ነካ። ጠቅ!

«ይህችን ነበር የምጠብቀው» አለ ሻለቃው። «ሬሳውን ሆን ብሎ ፎቶ ያነሳ ሰው የለም። ገዳዩ ካሜራውን ሲመልስ፣ ሞላው ተወጥሮ እንዳይደክም መጫኛውን ተጭኖ አላላው፤ ፊልም እንደጎረሰ አላወቀም። ሃኒ ይህ ልማድ የለውም። ዶክተሩም የላቸውም። አንተን ግን ኡስታው ጣትህን እየገረፈ አስተምሮሃል።»

ሰብሪ የካሜራ ማቆሚያ ብረት ነጥቆ ሰነዘረ፤ የሻለቃው ግንባር ተተረተረ። ፖሊሶቹ ሰብሪን ደፍተው ጉልበታቸውን ጀርባው ላይ ተከሉ።

«የሸጥኩት ካሜራ ውዱን አስመስለው የሠሩት ርካሽ መሆኑን ለዶክተሩ እነግራለሁ አለኝ ኡስታው!» ብሎ ጮኸ፣ አፉ ደም ሞልቶ። «ለእኔ ያላዘነ ለማን ሊያዝን ነው?»

የሃኒ ካቴና ተፈታ። አልወጣም። «‹ሞላውን አላላ፣ ይደክማል› እያለ ሃያ ዓመት ለመነኝ» አለ። «አንድ ቀን አልሰማሁትም። ባለመስማቴ ዳንኩ፣ ጌታዬ?»

ሃኒ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ቅድም የጣለውን ካሜራ አነሳ። መጫኛውን እስኪያገኝ ትንሽ ፈለገ፤ ከዚያ ተጫነው፤ ቀስ አድርጎም መለሰው።