ነጠላ ሐዲድ

ኢዛና ፋኖሱን ከሀዎ እጅ ተቀበለ።

ማንም አላየውም። ወይም አይተው ዝም ብለዋል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ፋኖሱ ድሮ በእንፋሎት ባቡር ግንባር ላይ የሚበራ ነበር። አሁን ከድንበሩ ማዶ፣ ሞያሌ ማንያታ ሰፈር፣ በጃቢር የቁራጭ ብረት ግቢ ውስጥ፣ ከዛገ ፍሬንና ከተቆራረጠ ሐዲድ ጋር ለሽያጭ ተዘርግቷል። ኢዛናን እዚህ ሁሉም የሚያውቀው በአሮጌ ባቡር ዕቃ ሰብሳቢነቱ ነው፤ ናይሮቢ ላሉ ባቡር ወዳዶች ፊሽካና ፋኖስ የሚለቅም፣ ትንሽ የነካው ሰው። ከአገር ቤት የላኩት ሰዎች ግን በምስጢር ስሙ ፉርጎ ይሉታል።

«ካርዱ ከመስታወቱ ጀርባ ነው» አለች ሀዎ፣ አቧራ የምትጠርግ መስላ። የጃቢር ዕቃ ቤት ጠባቂ ናት።

ካርዱ ከአገር ቤቱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሲግናል ሳጥን ተነቅሎ የተሰረቀ ነው። እጁ ያስገባው ሰው ቀዩን መብራት አረንጓዴ ማድረግ ይችላል። ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ፣ ፊት ለፊት። ጃቢር ነገ ለገዢዎቹ ሊያስረክበው ነው።

«እኔስ?» አለች። «መጥፋቱን ሲያውቅ መጀመሪያ የሚይዘው እኔን ነው።»

«አብረን ነው የምንወጣው። አንቺ የኋላው በር ጋ ቁሚ። መኪናው መምጣቱን አይቼ ናሱን አመጣልሻለሁ። ናሱን ሳልሰጥሽ ግን...»

«አልንቀሳቀስም። አውቃለሁ፣ ወንድሜ።»

ናሱ ኪሱ ውስጥ ነበር። መዳፍ የሚያህል፣ ክብ። በድሮው ነጠላ ሐዲድ በሁለት ጣቢያ መካከል የሚሰጠው አንድ ናስ ብቻ ነበር። እሱን ያልጨበጠ ባቡር ነጂ ማንም ቢያዘው አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ሁለት ባቡር አይጋጭም። ጃቢር የሠራተኞቹን ስልክ ጠዋት በር ላይ ስለሚሰበስብ፣ ኢዛና ይህንኑ ሕግ ለሀዎ ደጋግሞ አስተምሯታል። ናሱ ከደረሰሽ መንገዱ ነፃ ነው። ካልደረሰሽ ድንጋይ ሁኚ።

ሀዎ በብረት ክምሩ ዞራ ወደ ኋላ ሄደች። ኢዛና ዙሪያውን ቃኘ። የጃቢር ወንበር ባዶ ነበር። ጃቢር በዚህ ሰዓት ከወንበሩ ተነስቶ አያውቅም።

ሱራ በፊት ለፊቱ በር ገባ። የኢዛና ሾፌር ነው፤ ሞያሌ ከገባ ጀምሮ የሚያምነው ሰው።

«ቦስ፣ ሀራካ፣ ቶሎ በል» አለ። «ሀዎ ናት የላከችኝ። በኋላ በር ውጣ፤ መኪናውን እዚያ አዙሬዋለሁ።»

«እሷ መላኳን በምን ልወቅ?»

ሱራ መዳፉን ዘረጋ። «ይኸው ምልክታችሁ።»

ክብ ናስ።

ኢዛና ኪሱን ዳበሰ። የራሱ እዚያው አለ።

ሱራ ናሱን አንድ ቀን አይቶ የመተዋወቂያ ምልክት መስሎታል፤ አስመስሎም አስቀርጾታል። የባቡር ሰው ቢሆን በአንድ መንገድ ሁለት ናስ እንደማይወጣ ያውቅ ነበር። ሁለተኛው ከታየ ከፊት አደጋ አለ። ሱራ ለጃቢር አድሯል፤ የጃቢር ሰዎች የኋላውን በር ይዘዋል ማለት ነው።

ሀዎም እዚያው ናት።

«ሳዋ፣ እሺ» አለ ኢዛና። «አንተ ቅደምና ሞተሩን አስነሳ። ፋኖሱን ጠቅልዬ መጣሁ።»

ሱራ ሄደ።

ቢጮህ ትሰማዋለች። ቢጮህ ግን እሱም አይወጣ፣ ካርዱም አይወጣ። አፉን ከፍቶ ነበር።

አልጮኸም።

ካርዱን ነቅሎ ካልሲው ውስጥ ከተተና በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት አስቆመ። «ድንበር» አለው። ዞሮ ካየ እንደሚመለስ ስላወቀ አልዞረም።

በሳምንቱ መጨረሻ ከድንበሩ ርቆ፣ አንድ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቆሞ ሳለ አለቃው ደወለ።

«ካርዱ ቦታው ገብቷል። ጥሩ ሠርተሃል፣ ፉርጎ።»

«ሀዎስ?»

«ትናንት ዳበል፣ እናቷ አገር ተቀበረች። ጎረቤቶች አይተዋል። የጃቢር ሰዎች ሲመጡባት በሩ ክፍት ነበር አሉ። መሸሽ ትችል ነበር። ዝም ብላ ቆመች። ለምንድን ነው ያልሮጠችው?»

ኢዛና መልሱን ያውቃል፤ ናሱ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። ስልኩን ዘጋና ሲም ካርዱን ሰበረ።

ባቡሩ በሰላም ገባ። ሰዎች ልጆቻቸውን ታቅፈው ወረዱ፣ ሌሎች ለመሳፈር ተጋፉ። ኢዛናም ሻንጣውን ይዞ መሃላቸው ገባ። ከኋላው የነበረች ሴት «ወንድም፣ እንለፍበት» አለችው፤ ይቅርታ ጠይቆ አሳለፋት።