ሳይዘጋ የቀረው አድራሻ

«አትዝጊው! አንዴ ብቻ፣ በናትሽ!» አለች ሎሚ፣ የጓደኛዋን እጅ ከኪቦርዱ ላይ እየጎተተች።

ፌንጣ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠች። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት አርፎ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። የኮምፒውተር መምህሩ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ እንድትጠብቅ አምነው የሰጡት ለእሷ ነው። አሁን ሎሚ ለቀልድ ከድረ ገጹ አድራሻ ጫፍ ላይ «አማካሪ» ብላ ብትጽፍ፣ የተማሪዎች አማካሪዋ ስለ ልጆች የጻፏቸው ፋይሎች በየስማቸው ተዘርግፈው መጡ። የይለፍ ቃል የለ፣ ምን የለ።

«አዲሷ ልጅ ለምን ከድሮ ትምህርት ቤቷ እንደወጣች ማወቅ አትፈልጊም?»

መፈለጉንስ ትፈልጋለች። ዓይኗ ወደ ልጅቷ ስም ሄዶ ተመለሰ። ወደ ታች ስትወርድ ግን አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለች።

«ሎሚዬ… ያንቺም አለ።»

የሎሚ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። አምና አባቷ ጥሏቸው ሲሄድ አማካሪዋ ዘንድ ገብታ ማልቀሷን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«ዝጊው» አለች። «ቶሎ በይ!»

ፌንጣ ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ሰርቨር ማስተካከያ ከፍታ ያ አድራሻ እንዲከለከል ጻፈች። ገጹን እንደገና ብትጠራው «መግባት ተከልክሏል» አለ። ሎሚ እፎይ አለች። ፌንጣ ግን ልቧ አላረፈም። በስልኳ የሎሚን ፋይል ሙሉ አድራሻ ብትሞክር፣ ወለል ብሎ ተከፈተ! ሳታነበው ስልኩን ደረቷ ላይ ደፋችው። የዘጋችው የስሞቹን ዝርዝር የሚያሳየውን አቃፊ ብቻ ኖሯል፤ ውስጡ ያሉት ፋይሎች እንደተከፈቱ ናቸው። በዚያ አድራሻ የሚጀምረው ሁሉ እንዲከለከል አድርጋ አስተካከለችው። ደግማ ሞከረች፤ ተዘግቷል። አሁንም ሞከረች።

«በቃ፣ አለቀ» አለች ሎሚ። «ለማንም እንዳትናገሪ! ኋላ የምንጠየቀው እኛ ነን።»

«ከኛ በፊት ስንት ሰው እንዳየው በምን እናውቃለን?»

«ማንም አላየውም በያ!»

«ካየውስ? ያቺ ልጅ ምስጢሯ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ እንደነበር ሳታውቅ ትቅር?»

የክፍል ደወል ተደወለ። ፌንጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ወደ ክፍል ሳይሆን ወደ አማካሪዋ ቢሮ አመራች። እጇን ለማንኳኳት ስታነሳ ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች።

«ቆዪኝ» አለች ሎሚ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች። «አብረን እንግባ።»